ቆጣሪዋ የምትቆጥረው

ኮምፒውተራቸው ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ሁለት ቀስት ያላት ትንሽዬ ቁጥር የጫኑ ሰዎች ያውቋታል። ወደ ታች የምታመለክተው ቀስት በሰከንድ የሚገባውን ዳታ፣ ወደ ላይ የምታመለክተው የሚወጣውን ትናገራለች። ታሪኳን ስከታተል፣ የእኛ አገር ምዕራፍ የሚጀምረው እዚሁ ቂርቆስ ሆኖ አገኘሁት፤ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠሯቸው ቤቶች ስሟን ባገኘችው ካዛንቺስ ጫፍ፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ።

የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል አቋቁሞ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህ ክፍል ፊዶኔት በሚባል ዘዴ ኢሜይል ማስተላለፍ ጀመረ። አሠራሩ እንደ ፖስታ ቤት ነው። ደብዳቤው ተጠራቅሞ ይቆያል፤ ሞደሙ በስልክ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር ሲገናኝ የሄደው ይሄዳል፣ የመጣው ይገባል፣ ስልኩ ይዘጋል። «አሁን ፍጥነቱ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተጠቃሚ አልነበረም፤ ምን ያደርግለታል? የሚያስጨንቀው የስልኩ ደቂቃ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት በይፋ ከገባ በኋላም ደቂቃ ንጉሥ ሆኖ ቆየ። ኢንተርኔት ካፌው ሒሳብ የሚይዘው በደቂቃ ነው። ሞደሙ ላይ «56 ኬ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይሄ ግን ኪሎቢት ነው። ፋይል የሚለካው በባይት ስለሆነ ለ8 አካፍሉት፤ 7 ኪሎባይት ይቀራል። 5 ሜጋባይት የሆነ አንድ ዘፈን መስመሩ በጣም በተመቸ ቀን 12 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ደግሞ መስመሩ መቼ ይመቻል!

ፍጥነቱ እንዴት ይታወቃል? እዚህ ላይ የቤታችንን መብራት ቆጣሪ አስቡ። ቆጣሪው ዝም ብሎ ይደምራል፤ ቆጣሪ አንባቢው በወሩ መጥቶ ያለፈውን ንባብ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው፤ ያለፈውን ባይት ሁሉ ይደምራል እንጂ ፍጥነት የሚባል ነገር አያውቅም። ፕሮግራሟ በየሰከንዱ ታነባለች፣ የቅድሙን ትቀንሳለች፣ ልዩነቱን ታሳያለች። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህን ዘዴ በዓለም ካስለመዱት አንዱ ቶቢያስ ኦቲከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ይሠራበት የነበረው የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በ64 ኪሎቢት መስመር ነበር። መስመሩ እንዴት እየሠራ እንደሆነ ሁሉም ማወቅ ስለፈለገ፣ ቆጣሪውን በየ5 ደቂቃው እያነበበ ግራፍ የሚሥል ኤም አር ቲ ጂ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። እኔ በበኩሌ ደስ ያለኝ፣ መለኪያው የተወለደው ከእጥረት መሆኑ ነው። እጥረትማ እኛ ዘንድ ሞልቷል።

ቁጥሯ ግን የምትቆጥረው በኮምፒውተሩ ካርድ ያለፈውን ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ አትጠይቅም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። እኅቴ ያኔ ከቤት ሆና ለውጭ አገር ደንበኛ ትተረጉም ነበር፤ የማስረከቢያ ቀኗም ደርሷል። ስክሪኑን እያሳየች ጠራችኝ።

«ይኸው፣ 2 ኪሎባይት ይላል! እየገባ አይደል እንዴ?»

«እሱ ራውተሩና ኮምፒውተርሽ ናቸው። እርስ በርስ ‹አለህ?› ‹አለሁ› እየተባባሉ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዜሮ አይልም?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ግን ቴክኒካል መልስ የሚሰማበት ሰዓት አልነበረም። በነጋ በጠባ ቁጥሯን ታያታለች፤ 1፣ 2፣ ዜሮ፣ 1። ባትኖር ይሻላት ነበር እላለሁ፤ ተስፋ አስቆርጣ አታስቆርጣትም።

ከሳምንታት በኋላ የቤቱ መስመር ሲመለስ መጀመሪያ ያወቀው ስልካችን አይደለም። የታችኛዋ ቀስት ድንገት ወደ ሦስት አሃዝ ዘለለች፤ የተጠራቀመው ኢሜይል፣ ልክ እንደ ፊዶኔት፣ በአንድ ጭነት ተዘረገፈ። ከመሀሉ ከደንበኛዋ አራት መልእክት ነበር። የመጨረሻው ሥራው ለሌላ ተርጓሚ መሰጠቱን ይናገራል።