የሞባይል ኔትወርክ አቅምና የሲግናል ጥራት የሚሻሻልባቸው መንገዶች

በሞባይል ስልክ ላይ የሚታዩት የሲግናል መስመሮች ሙሉ ሆነው ሳለ ጥሪ የማይሳካበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፡፡ ምክንያቱም መስመሮቹ የሚያመለክቱት የሞገዱን ጥንካሬ እንጂ ጥራቱን ወይም የጣቢያውን የማስተናገድ አቅም አይደለም፡፡ በመሆኑም «ኔትወርክ የለም» ለሚል የነዋሪዎች አቤቱታ መልሱ ሁልጊዜ አዲስ ማማ መትከል ሊሆን አይችልም፡፡

የሴሉላር አሠራር አካባቢን ሴል በሚባሉ ክፍሎች ከፋፍሎ አንዱን ፍሪኩዌንሲ በተራራቁ ሴሎች ደጋግሞ በመጠቀም ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሐሳቡ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የቀረበው እ.ኤ.አ በ1947 ነው፡፡ ፍሪኩዌንሲ ውስን ሀብት በመሆኑ አቅም በአብዛኛው የሚያድገው ሴሎችን በማሳነስ ነው፡፡ የሴሉ ሬዲየስ በግማሽ ሲቀንስ ያንኑ ስፍራ ለመሸፈን አራት እጥፍ ጣቢያ ያስፈልጋል፡፡

በሁለተኛው ትውልድ ጂ.ኤስ.ኤም ቴክኖሎጂ አንድ የ200 ኪሎ ኸርትዝ ተሸካሚ ሞገድ ስምንት የጊዜ ክፍልፋዮች አሉት፡፡ አራት ተሸካሚ ሞገዶች የተመደቡለት ሴል 32 ክፍልፋዮች ሲኖሩት፣ ጥቂቶቹ ለቁጥጥር ስለሚውሉ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 30 ያህል ጥሪዎችን ብቻ ነው፡፡ ለገበያ ቀን ወይም ለጥምቀት በዓል ይህ እጅግ አነስተኛ ነው፡፡ ድምፅን ይበልጥ በማመቅ በአንድ ክፍልፋይ ሁለት ጥሪ ማስተናገድ ቢቻልም የድምፁ ጥራት ይቀንሳል፡፡

ጣቢያዎች ሲቀራረቡ የሞገድ መጠላለፍ ይከሰታል፡፡ ይህንን ለመቀነስ አንቴናዎች እያንዳንዳቸው 120 ዲግሪ እንዲሸፍኑ ተደርገው ወደ መሬት ዘንበል ይላሉ፡፡ የጣቢያውን ኃይል መጨመር ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት መፍትሔ አይደለም፤ በ900 ሜጋ ኸርትዝ የሚሠራ የጂ.ኤስ.ኤም የእጅ ስልክ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ዋት ስለማይበልጥ፣ የጣቢያው ሞገድ ለስልኩ ቢደርስም የስልኩ ምላሽ ለጣቢያው ላይደርስ ይችላል፡፡ በየሕንፃው ያለፈቃድ የሚተከሉ የሲግናል ማጉያዎችም ለአንድ ቢሮ ጠቅመው የአካባቢውን ደንበኞች በሙሉ ሊያውኩ ይችላሉ፡፡

በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተጀምሯል፡፡ በ2005 ዓ.ም ከሁዋዌና ከዜድ.ቲ.ኢ ኩባንያዎች ጋር የ1 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ስምምነት የተፈረመ ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም የአራተኛው ትውልድ አገልግሎት በመዲናዋ ሥራ ጀምሯል፡፡

አቤቱታ ተቀብለው ለኦፕሬተሮች የሚያስተላልፉ መሥሪያ ቤቶች ችግሩ የደረሰበትን ስፍራና ሰዓት፣ ጥሪው አልገባ ማለቱን፣ መቋረጡን ወይም ድምፁ አለመሰማቱን ለይተው መመዝገብ ይኖርባቸዋል፡፡ በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ የሚደጋገም አለመግባት በአብዛኛው መጨናነቅን፣ ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ድምፁ መቆራረጡ ደግሞ የሞገድ መጠላለፍን ሊያመለክት ይችላል፡፡