ማንበብ ስለሚያስቸግረው ብሩህ ልጅ የተደረገ አጭር የታሪክ ጥናት

በንባብና በጽሕፈት ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ በአእምሮውም ደካማ ነው የሚለው አስተያየት በትምህርት ቤቶች ዘንድ ብዙ ዘመን የቆየ ነው። በዚህ ጽሑፍ አስተያየቱ እንዴት እንደ ተናጋ እንመለከታለን፤ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1896 ዓ.ም. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የሚናገር ጽሑፍ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አወጣ። ልጁ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ቢማርም አጫጭሮቹን ቃላት እንኳ የሚያነበው በብዙ ጭንቅ ነበር፤ የራሱን ስም ሲጽፍም ፊደሎቹን አዘዋወረ። ይሁን እንጂ 749ን በ867 እንዲያበዛ ቢጠየቅ ፈጥኖ ያለ ስሕተት አበዛ። ለጥቂት ዓመታት ያስተማረው መምህርም፥ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ብልጫ ያለው እርሱ በሆነ ነበር ሲል መሰከረ። ስለዚህ ተሰጥዎና ችግር በአንድ ልጅ አብረው ሊገኙ መቻላቸው ገና ከመነሻው የታወቀ ነበር ለማለት እንደፍራለን።

የግላስጎው የዓይን ሐኪም ጄምስ ሂንሸልውድ በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉት ልጆች ለየብቻ ሊማሩ እንደሚገባ አስረዳ። በአሜሪካም ሳሙኤል ኦርተን ከ1925 ጀምሮ ባቀረባቸው ጥናቶች ማንበብ ያቃተው ልጅ ጥሩ የማሰብ ችሎታ ሊኖረው እንደሚችል ገለጸ፤ ባልደረባው አና ጊሊንግሃም ደግሞ ዓይን፥ ጆሮና እጅ ተባብረው ፊደልን የሚያጠኑበትን ዘዴ አዘጋጀች።

በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች ልዩ ትምህርት እንዲያገኙ አዘዘ። ነገር ግን ብሩህ ልጅ በማስታወስና በመገመት ችግሩን ሸፍኖ ከመካከለኞቹ ጋራ ሊሰለፍ ይችላል፤ መምህሩም ችግሩንም ተሰጥዎውንም ሳያይ ይቀራል። የወደቀውን ብቻ የሚፈልግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ልጅ አያገኘውም።

እንግዲህ ከታሪኩ የምናገኘው ምክር ድርብ ነው፤ ይኸውም ንባቡን በዝግታና በሥርዓት ማስተማር፥ በሒሳብ ወይም በሌላ ተሰጥዎው ግን እስከሚችለው ድረስ ወደ ፊት እንዲሄድ መፍቀድ ነው። ንባቡ እስኪቃና ድረስ ተብሎ ሒሳቡ ቢከለከል፥ ልጁ የሚኮራበትን አንዱን ነገር ያጣል። ፈተናውን በቃል መጠየቅ ወይም ጊዜ መጨመርም አድልዎ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም፤ ልጁ የሚያውቀውን ለመግለጽ ሌላ በር ያገኛልና።