ክላስ እና ስትራክት፦ ሙሉ ማርክ ያገኘሁበት ስህተት

ዩኒቨርሲቲ እያለን ፈተና ላይ «የክላስና የስትራክት ልዩነት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። «ስትራክት ካልዘጉት ክፍት ነው፤ ክላስ ካልከፈቱት ዝግ ነው» ብዬ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። የተማርነው በሲ ፕላስ ፕላስ ስለነበር መልሱ ልክ ነው።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ በሲ ሻርፕ የደንበኞችን ትዕዛዝ የሚያሰላ ኮድ ጻፍኩ፤ ትዕዛዙን ስትራክት አደረግሁት። ቅናሽ የሚያሰላው ፈንክሽን ያለ ምንም ኤረር ይሠራል፤ ደረሰኙ ላይ ግን ዋጋው ያው ነው። አንድ ሙሉ ቀን ደንበኞች ቅናሻቸውን ሳያገኙ ከፈሉ። እኔም ኮዱን ሳገላብጥ አደርኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ኦስሎ ነው። በ1960ዎቹ ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር ሲሙላ የተባለ ቋንቋ ሠሩ። መረጃንና መረጃው ላይ የሚሠራውን ኮድ አንድ ላይ የሚያስረው ክላስ የመጣው ከሲሙላ 67 ነው። ስትራክት ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ዴኒስ ሪቺ ሲ ቋንቋን ሲሠራ ተዛማጅ መረጃዎችን አንድ ላይ ለመጠቅለል አስገባው። ጥቅል ነው፣ በቃ፤ የሚደብቀው ነገር የለውም።

ሁለቱን ያገናኛቸው ዴንማርካዊው ቢያርኔ ስትሮስትሩፕ ነው። ካምብሪጅ ዶክትሬቱን ሲሠራ የሲሙላን አደረጃጀት ወዶት፣ ቀርፋፋነቱ ግን አማርሮት ነበር። በ1979 ቤል ላብስ ገብቶ ክላስን ወደ ሲ ማምጣት ጀመረ፤ ቋንቋው በ1983 ሲ ፕላስ ፕላስ ተባለ። በሲ የተጻፈው ኮድ እንዳይሰበር ስትራክትን ክፍት አድርጎ ተወው፤ ክላስ የሚችለውን ሁሉ ግን እንዲችል አደረገው። እኔ የሸመደድኩት ልዩነት የዚህ ስምምነት ትራፊ ነው።

በ1995 የወጣው ጃቫ ስትራክትን ጭራሽ ተወው። በ2000 ማይክሮሶፍት ይፋ ያደረገው፣ አንደርስ ሄይልስበርግ የመራው ሲ ሻርፕ ደግሞ ስሙን መልሶ ሌላ ትርጉም ሰጠው። እዚያ ስትራክት ለፈንክሽን ሲሰጥ እንደ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ኮፒው ላይ ብትጽፉበት ዋናው አይነካም። ክላስ ግን የቤት አድራሻ እንደመስጠት ነው፤ በአድራሻው ሄዶ ግድግዳውን የቀባ ሰው የቀባው ያንኑ ቤት ነው። በ2014 የመጣው የአፕል ስዊፍትም በዚሁ መንገድ ሄደ።

የእኔ ፈንክሽን ቅናሹን በትክክል ቀንሷል፤ የቀነሰው ግን ከፎቶ ኮፒው ላይ ነው። ሊነጋጋ ሲል ስትራክት የሚለውን አንድ ቃል ክላስ ብዬ ቀየርኩት፤ ደረሰኙ ተስተካከለ።

አሁን ያንን የፈተና ጥያቄ ለጀማሪዎች የምጠይቀው እኔ ነኝ። «በየትኛው ቋንቋ?» ብሎ መልሶ የሚጠይቀኝ ሲገኝ ደስ ይለኛል።