በማን ልክ የተሰፋ ወንበር?

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር። በአማርኛ «ወንበር» ስንል ከአራት እግር እንጨት በላይ ብዙ ነገር ማለታችን ነው። በድሮው የዳኝነት ሥርዓት በንጉሥ ችሎት የሚፈርዱት ዳኞች ራሳቸው «ወንበሮች» ይባሉ ነበር። የቤተ ክህነት መምህር ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» እንላለን። ማኅበር የሚመራው ሰው «ሊቀ መንበር» ነው። ሥልጣን አልለቅ ያለውን ደግሞ «ወንበሩ ላይ ሙጭጭ አለ» ብለን እናማዋለን (እሱ በሌለበት ነዋ!)። ባጭሩ እኛ ዘንድ ወንበር መጀመሪያ ሹመት ነው፤ መቀመጫነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይሄ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ከመሰላችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የቢሮ ዕቃ መደብሮች አንዱ ጋ ጎራ በሉና ዋጋ ጠይቁ። ሻጩ «ኤክስኪዩቲቭ ነው? ማናጀር ነው? ወይስ ሴክሬታሪ?» ይላችኋል። ቁመታችሁን አይጠይቅም። በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቀመጡም አይጠይቅም። የሚጠይቃችሁ ማዕረጋችሁን ነው። «ኤክስኪዩቲቭ» የተባለው ከራስ በላይ የሚደርስ መደገፊያና ሰፊ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ በጥቁር ቆዳ የተለበጠ ነገር ነው። «ሴክሬታሪ» የተባለችው ደግሞ መደገፊያዋ አጭር፣ ክንድ ማሳረፊያ የሚባል ነገር ብዙውን ጊዜ ያልፈጠረባት ናት።

አሁን አስቡት። ኃላፊው የቀኑን ግማሽ ስብሰባ ላይ ነው፣ መስክ ላይ ነው፣ ምሳ ላይ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተተክላ የምትውለው ጸሐፊዋ ናት። ብዙ የሚቀመጠው ሰው ትንሹን ወንበር፣ ትንሽ የሚቀመጠው ትልቁን ወንበር ያገኛል ማለት ነው። ይህ እንዴት ሆነ? ወንበር በሹመት ልክ መሰፋቱን ትቶ በሰው ገላ ልክ መሰፋት የጀመረውስ መቼ ነው? ታሪኩ ከምታስቡት በላይ አጭር ነው። (ከአንዱ አዋጅ ቁጥር በስተቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎማና ሞላ

በመጀመሪያ ምቾት የባለቤቱ ጉዳይ ነበር። ቻርለስ ዳርዊን በ1842 ለንደንን ለቆ ኬንት ውስጥ ዳውን ሀውስ የሚባል ቤት ገባ። እዚያ የጥናት ክፍሉ ውስጥ ባለ ክንድ ወንበር ነበረው፤ እግሮቹ ላይ ትንንሽ ጎማዎች ተገጥመውላቸዋል። አንዱን ናሙና አይቶ ወደ ሌላው ሲሄድ መነሳት የለበትም፤ ይንሸራተታል። ጠረጴዛም ብዙ አያስፈልገውም፤ በክንድ ማሳረፊያዎቹ ላይ ጣውላ አጋድሞ ይጽፋል። ዓለምን ያነጋገረው የ1859ኙ መጽሐፉም ከዚህ ዓይነት አቀማመጥ የወጣ ነው። ልብ በሉ፤ ዳርዊን ወንበሩን ለሥራው እንዲያመች አደረገው እንጂ ራሱን ለወንበሩ አላመቻቸም። ግን ቤቱ የራሱ፣ ወንበሩም የራሱ ነው። ማን ይከለክለዋል?

በ1849 ደግሞ ቶማስ ዋረን የተባለ አሜሪካዊ ከመቀመጫው ሥር የብረት ሞላ የገጠመበት ወንበር ሠራ። ይዞራል፣ ይወዛወዛል፣ ሰውነት ወደ ዞረበት ያዘነብላል። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይም ቀርቦ ታይቷል። ዛሬ «የቢሮ ወንበር» የምንለው ነገር ዋና ዋና ሐሳቦች ከ170 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው ማለት ነው። ስለዚህ «በዚያ ዘመን ቴክኖሎጂው አልነበረም» የሚል ሰበብ አይሠራም። የጎደለው ሞላ አልነበረም። የጎደለው «ሠራተኛዋም ገላ አላት» የሚል ሐሳብ ነው።

መቀመጥ በሕግ

ለብዙ ሠራተኞች ጥያቄው የትኛው ወንበር የሚል እንኳ አልነበረም፤ መቀመጥ ራሱ ብርቅ ነበር። በእንግሊዝ ሱቆች የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውሉ ነበር። የተቀመጠች ሻጭ ሰነፍ ትመስላላ! ነገሩ ፓርላማ ደረሰና በ1899 የሱቅ ሠራተኞች መቀመጫ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ባለሱቆች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሴት ሠራተኞች ቢያንስ አንድ መቀመጫ እንዲያቀርቡ ያዝዛል። ለሦስት ሰው አንድ ወንበር! ዛሬ ያስቃል። ነገር ግን «መቀመጫ የአሠሪው ችሮታ አይደለም፣ ግዴታው ነው» የሚለውን ሐሳብ ሕግ አድርጎ የጻፈው ይሄው አዋጅ ነበር።

በዚያው ዘመን የጽሕፈት መኪና ቢሮ ገባ፤ ከመኪናው ጋር ሴቶች ቢሮ ገቡ። አሁን ደግሞ ችግሩ ተገለበጠ። ትናንት ቁሚ የተባለችው ዛሬ ተቀመጪ፣ እንዳትንቀሳቀሺ ተባለች።

ከጠረጴዛው የተንጠለጠሉት

ስመ ጥሩው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1906 ባፋሎ ከተማ ውስጥ ላርኪን ለተባለ የሳሙና ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ሠርቶ አስረከበ። የሕንፃውን የቤት ዕቃ ሳይቀር የነደፈው እሱ ነው። ለጸሐፊዎቹ ከነደፋቸው መቀመጫዎች መካከል እግር የሌላቸው ነበሩ፤ በብረት ክንድ ከጠረጴዛው ጋር ተያይዘው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚታጠፉ። ጥቅማቸው? ማታ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ወለሉን ለመጥረግ ይመቻል! ወንበሩ ለመጥረጊያው ታስቦለት ነበር፤ ለጸሐፊው ወገብ ግን እንጃ። ለኃላፊዎቹ የነደፈው ደግሞ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ የሚዞር፣ ባለ ጎማ የብረት ወንበር ነበር።

ራይት በ1939 በተጠናቀቀው በጆንሰን ዋክስ ኩባንያ መሥሪያ ቤት፣ ራሲን ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ለጸሐፊዎች ባለ ሦስት እግር ወንበር ሠራ። ሁለቱንም እግሯን መሬት አስረግጣ ቀጥ ብላ ያልተቀመጠች ሠራተኛ ትወድቃለች። ንድፉ ጥሩ አቀማመጥ ያስተምራል ተባለ። አንድ ቀን ራሱ ራይት ተቀምጦበት እንደወደቀ ይወራል፤ እውነት ይሁን አይሁን ወሬው ጣፋጭ ነው። እውነት የሆነው በኋላ ብዙዎቹ አራተኛ እግር የተጨመረላቸው መሆኑ ነው። ከወንበርና ከሰው አንዱ መታረም ሲኖርበት፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ የሚታረመው ሰው ነበር።

ሐኪሞቹ ሲገቡበት

ነገሩ የተለወጠው ሐኪሞች ሲገቡበት ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ቤንግት ኦከርብሎም በ1948 ስለ አቋቋምና አቀማመጥ ጥናቱን አወጣ፤ መደገፊያ ትከሻን ብቻ ሳይሆን የወገብን ጎድጓዳ ሊደግፍ እንደሚገባው አስረዳ። በ1953 አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ጄይ ኪገን ሰዎችን በተለያየ አቀማመጥ ራጅ እያነሳ፣ ስንቀመጥ የወገባችን ተፈጥሯዊ ቅስት እንዴት እንደሚጠፋ አሳየ። በ1960ዎቹ ሌላው ስዊድናዊ አልፍ ናኬምሰን በፈቃደኞች የወገብ ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለካ። ያለ መደገፊያ መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስኩን ይበልጥ እንደሚጫን ተናገረ። ዓለም ደነገጠ።

ሳይንስ ግን እዚያ አልቆመም። በ1999 በጀርመን ኡልም ሀንስ ዮአኪም ቪልከና ባልደረቦቹ በአንድ ፈቃደኛ ዲስክ ውስጥ መለኪያ ተክለው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴውን ተከታተሉ። ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋፓስካል ሆነ፤ ዘና ብሎ ሲቀመጥ 0.46፤ ወገቡን ገትሮ ሲቀመጥ 0.55፤ መደገፊያው ላይ ተለጥጦ ሲቀመጥ 0.27። እንግዲህ የአስተማሪዎቻችን «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ!» እንደ ትዕዛዝ ያን ያህል የተቀደሰ አልነበረም። የአንድ ሰው ልኬት ለሁሉም ሕግ ባይሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ጀርባ የሚፈልገው ድጋፍና ለውጥ እንጂ ሥነ ሥርዓት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በ1953 ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት ሾፌሮች፣ ፎቁን ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር። ይህን ደግሞ የትኛውም ወንበር አይፈውሰውም።

ኤ፣ ቢ፣ ሲ

እነዚህ ዕውቀቶች ሁሉ ወደ ገበያ የወረዱት ዘግይተው ነው። ቢል ስተምፍ የተባለ ንድፍ አውጪ ከሐኪሞች ጋር ሰዎች እንዴት እንደሚቀመጡ ሲያጠና ቆይቶ በ1976 ኸርማን ሚለር ለተባለው ኩባንያ «ኤርጎን» የተሰኘውን ወንበር ሠራ። በ1994 ደግሞ ከዶን ቻድዊክ ጋር ሆኖ «ኤሮን» የተሰኘውን አወጣ። የዚህ ሁለተኛው ወንበር መነሻ ይገርማል፤ ሁለቱ ሰዎች ቀደም ሲል ለአረጋውያን መቀመጫ ሲያጠኑ ነበር። ብዙ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችን ገላ ስፖንጅ ያሞቀዋል፣ ያቆስለዋልም። እናም ስፖንጁንና ቆዳውን አውጥተው ጣሉና በምትኩ አየር የሚያስገባ መረብ ወጠሩ።

ለእኔ ግን ትልቁ አብዮት መረቡ አይደለም። ኤሮን በሦስት መጠን ወጣ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ። «ማናጀር» የለ፣ «ሴክሬታሪ» የለ። አጭር ሥራ አስኪያጅ ኤ ላይ፣ ግዙፍ ተላላኪ ሲ ላይ ይቀመጣል። መደገፊያው ጀርባ ላይ በጣት የሚዳሰሱ ነጥቦች አሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ የሚናገሩት የገላን ልክ ነው እንጂ የደረጃን አይደለም። ወንበር ከሹመት ጋር የተፋታው እዚህ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ፍቺው ግን ብዙ አልቆየም! የኢንተርኔት ኩባንያዎች ወንበሩን የሀብት ምልክት አደረጉት፤ በ2000 እና 2001 ሲከስሩም ለሐራጅ ከቀረቡት ዕቃዎቻቸው መካከል እነዚሁ ወንበሮች ነበሩ። ዛሬም አዲሱ ከሺህ ዶላር በላይ ነው። ሹመት በበር ሲያስወጡት በመስኮት ይገባል።

ወደ እኛው ስንመለስ

እኛ አገር ገላን የሚያውቅ መቀመጫ ጠፍቶ አይደለም። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ እዩት፤ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ መሀሉ ለመቀመጫ ጎድጎድ ይደረጋል። መደገፊያ የለውም፤ ግን ማንም ስምንት ሰዓት እንድትቀመጡበት አላሰበውም። ቡና ይጠጣል፣ ይነሳል፣ ይዞራል። ችግሩ የመጣው ስምንት ሰዓት መቀመጥን ተቀብለን፣ ለስምንት ሰዓት የሚሆን ወንበር ለባለሥልጣኑ ብቻ ስንሰጥ ነው።

ተለማማጅ ሆኜ በሠራሁበት አንድ ዝግጅት ክፍል (ስሙ ይቆየን) እንግዳ የሚቀበለው ሰው ወንበር ከሪፖርተሮቹ ሁሉ ወንበር ይበልጥ ነበር። ጽሑፉን የምንጽፈው እኛ፣ ወገቡ የሚደገፍለት እሱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አውሮፓውያን ይህንኑ ዘርዝረው በ1990 በወጣ መመሪያ ጽፈውታል፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ወንበር የማይንገዳገድ፣ ከፍታው የሚስተካከል፣ መደገፊያው በከፍታም በማዘንበልም የሚስተካከል ይሁን፤ እግር ማሳረፊያ ለፈለገ ሁሉ ይሰጠው ይላል። ለኃላፊ ብቻ አይልም።

እንግዲህ ወንበር ልትገዙ ወይም ልታስገዙ ስትሄዱ የማዕረጉን ስም እርሱትና ገላችሁን ጠይቁ።

መጀመሪያ ከፍታው። ስትቀመጡ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ይርገጡ። ጠረጴዛው ረጅም ሆኖ ወንበሩን ከፍ ማድረግ ግድ ካላችሁ፣ ከእግራችሁ ሥር ሳጥን ነገር አድርጉ። ቀጥሎ ጥልቀቱ። ጀርባችሁን አስጠግታችሁ ስትቀመጡ ከጉልበታችሁ ኋላ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ ለረጅም ሰው የተሠራው «ኤክስኪዩቲቭ» አጭር ሴትን የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የመደገፊያው ጉብታ ቀበቶ የምትታጠቁበት አካባቢ ያርፍ፤ መደገፊያው ወደ ኋላ የሚያዘነብል ይሁን። ክንድ ማሳረፊያው ትከሻችሁን ሳያነሳ ክርናችሁን ይቀበል። ባለ ጎማ ከሆነ እግሩ አምስት ይሁን፤ አራቱ ቶሎ ይገለበጣል። ደግሞ ቆማችሁ አትግዙ! አሥር ደቂቃ ተቀመጡበት፤ ሻጩ ይገላምጣችሁ፣ ምን ቸገራችሁ።

አቅም ከሌለስ? የታጠፈ ፎጣ ወገብ ላይ ማድረግ ምንም ከማጣት ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፤ የለንደን ትኬት ቆራጮችን አስታውሱ።

መሥሪያ ቤታችሁ በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ወንበር ሊገዛ ከሆነ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ጣል አድርጉልኝ፤ «እዚህ ቤት ከሁሉም በላይ ብዙ ሰዓት የሚቀመጠው ማነው?» በሉ። ጥሩው ወንበር ለእሷ ይሁን። («እሷ» ያልኩት በስህተት አይደለም።)

ቸር እንሰንብት።