የጎዳናው ባለቤት ማን ነው?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መንገዷ የእግረኛና የበቅሎ ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና ባመጣ ጊዜ ግን የጎዳናው ጌታ ቀስ በቀስ ይለወጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲጠገንም ሆነ ሲሰፋ በአብዛኛው ለመኪና ሆነ፤ እግረኛው ዳር ዳሩን፣ ሲብስም የቦዩን ጠርዝ ይዞ ሄደ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሒሳቡ መታረም ያዘ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በተባለው ዕለት ዋና ዋና ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ዘረጋ። ደግ ሥራ ነው፤ አልክድም።

ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ለዚያው ሥራ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ብዙ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝና ገቢውን ብቻ አይቼ መዝገብ አልዘጋም። ትናንት ከደጁ ወጥቶ በእግሩ ሥራው ይገባ የነበረው የፒያሳ ልጅ፣ ዛሬ ከሩቅ ሰፈር አውቶቡስ ይጠብቃል። መንገዱ ለእግረኛ ተመለሰ፤ እግረኛው ግን ከመንገዱ ራቀ።

የሚቀጥለው ጎዳና ሲታደስ፣ አስፋልቱ ከመለካቱ በፊት በዳሩ የሚኖረው ሰው ይቆጠር።