ባርኔጣ መድፋት የተሳናቸው አዛውንት

እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. የሎንዶኑ ሐኪም ጆናታን ሃቺንሰን፣ የጆሮ ግንዳቸው ደም ቅዳዎች በብግነት አብጠው ባርኔጣ መድፋት የተሳናቸውን የአንድ አዛውንት ታሪክ ጻፈ። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የባግዳዱ የዓይን ሐኪም ዓሊ ኢብን ዒሳም የነዚህኑ ደም ሥሮች ነገር ከራስ ምታትና ከዓይን ሕመም ጋር አያይዞ ጠቅሶት ነበር። በ1932 ደግሞ ሆርተንና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የደም ቅዳውን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ መርምረው በሽታው ራሱን የቻለ መሆኑን አስረዱ።

ብግነቱ የሚያጠቃው ከሞላ ጎደል ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈውን ነው። በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጡትን ደም ቅዳዎች ሲያጠብ ስትሮክን፣ የዓይኑን ሲዘጋ ዕውርነትን ያስከትላል። ከ1950 ገደማ ወዲህ ኮርቲዞንና መሰሎቹ ብግነቱን ያበርዱታል፤ የጠፋውን የዓይን ብርሃን ግን እምብዛም አይመልሱም። ስለዚህ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ዕውቀቱ የተገኘው የአንድ አዛውንት ተራ የምትመስል አቤቱታ አድማጭ በማግኘቷ ነው። እኛ ግን አረጋውያን ወላጆቻችን በስልክ «ራሴን አመመኝ፤ ሳኝክ መንጋጋዬን ይይዘኛል» ሲሉን፣ «እርጅና ነው» ብለን አላለፍናቸውምን?