ቀላል ተገጣጣሚ የስፖርት መኪናዎችና ማኅበርተኞቻቸው፤ አጭር የታሪክ ጥናት

አንድን ነገር ያስገኘው ምክንያት ሲያልፍ ነገሩም አብሮት ያልፋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ታሪክን ለሚመረምር ሰው ግን ይህ ሁልጊዜ እውነት ሆኖ አይገኝም። ለዚህ ከመንግሥታትና ከሕግጋት ታሪክ ብዙ ታላላቅ ምሳሌዎችን መጥቀስ ይቻላል፤ እኛ ግን ሆን ብለን አንድ ትንሽ ምሳሌ መርጠናል። ይኸውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የተስፋፋው፥ ክፍሎቹ ተለያይተው እየተሸጡ ገዢው በገዛ እጁ የሚገጥመው ቀላል የስፖርት መኪና ታሪክ ነው። ይህን መኪና ያስፋፋው የቀረጥ ሕግ በ1973 ተሽሯል። መኪናው ግን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ባለቤቶቹም በቡድን ሆነው ከአገር አገር ይጓዙበታል። ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ነገሩ ለምን ቆየ? ጥያቄያችን ይህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. አሮጌው ኦስቲንና ማኅበሩ

ጦርነቱ በ1945 ሲፈጸም እንግሊዝ ከድል አድራጊዎቹ መካከል ብትቈጠርም ዕዳዋ ከባድ ነበር። መንግሥት ለመኪና ፋብሪካዎች ብረት ሲያድል ብልጫ የሚሰጠው ምርታቸውን ወደ ውጭ ልከው የውጭ ገንዘብ ለሚያስገቡት ስለ ነበር፥ አዲስ መኪና የሚሻ የአገሩ ሰው ብዙ ጊዜ ተራ መጠበቅ ነበረበት። ከዚህም በላይ በጦርነቱ ጊዜ፥ በ1940፥ የተጣለው የግዢ ቀረጥ ከሰላም በኋላም አልተነሣም። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ወጣት አዲስ የስፖርት መኪና ከምኞት የሚያልፍ ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ በየጓሮው አንድ ሀብት ተጥሎ ነበር። የኦስቲን ፋብሪካ ከ1922 እስከ 1939 ድረስ «ኦስቲን ሰቨን» የተባለችውን ትንሽ መኪና 290,000 ያህል ሠርቶ ነበር። የእነዚህ መኪናዎች አካል በዝገትና በእርጅና ቢበላሽም፥ የብዙዎቹ ሞተር፥ ካምቢዮና ሻንሲ ገና አገልግሎት የሚሰጥ ነበረ። ስለዚህ ወጣቶቹ አሮጌውን ኦስቲን በጥቂት ገንዘብ እየገዙ አካሉን ገፍፈው ይጥሉና በቦታው ከቀጭን ላሜራ የተሠራ ክፍትና ቀላል አካል ይገጥሙበት ጀመር።

ይህን ሥራ የሚወዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት «750 ሞተር ክለብ» የሚባለው ማኅበር ነው። የተመሠረተው በ1939 ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው 750 ሴንቲ ሜትር ኩብ ከሚጠጋው ከኦስቲን ሰቨን ሞተር መጠን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ሆላንድ በርኬት በሙያው የእንስሳት ሐኪም ነበር እንጂ መሐንዲስ አልነበረም። ማኅበሩ ያወጣው የውድድር ደንብ መኪናዎቹ ከኦስቲን ሰቨን ክፍሎች እንዲሠሩ የሚያስገድድ ነበር፤ ይህም ባለ ብዙ ገንዘቡ ባለ ጥቂት ገንዘቡን በቦርሳው ብቻ እንዳያሸንፈው ረድቷል። ከ1951 ጀምሮም የአንድ ቡድን መኪናዎች እየተቀባበሉ 6 ሰዓት የሚሮጡበትን ውድድር አቋቋመ። በዚህ ውድድር የሚያሸንፈው ቡድኑ እንጂ አንድ ሰው አይደለም።

ከማኅበሩ አባሎች አንዱ በ1928 የተወለደው ኮሊን ቻፕማን ነበር። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሕንድስና የተማረው ይህ ወጣት የመጀመሪያ መኪናውን በ1948 ከአሮጌ ኦስቲን ሰቨን ሠራ። በ1951 ደግሞ ማኅበሩን ያስደነቀ ዘዴ አመጣ። የኦስቲን ሞተር 4 ሲሊንደሮች ሲኖሩት አየርና ቤንዚን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች 2 ብቻ ስለ ነበሩ፥ ጥንድ ጥንዶቹ ሲሊንደሮች በአንድ መግቢያ ይሻሙ ነበር። ቻፕማን በመግቢያው ውስጥ መለያ ግድግዳ አብጅቶ ለየሲሊንደሩ የራሱን መንገድ ሰጠው። መኪናው ሌሎቹን እጅግ ስለ በለጠ ማኅበሩ ዘዴውን በደንብ ከለከለ። ይህ ነገር የማኅበሩን ጠባይ በደንብ ያሳየናል። ማኅበሩ ብልኀት የሚፈተንበት ትምህርት ቤት ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ብልኀት የሌላውን ተስፋ እንዳይቈርጥ ይጠነቀቅ ነበር።

፪. ቀረጡ ያስፋፋው ንግድ

ቻፕማን በ1952 ሎተስ የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁም፥ በኋላ ሚስቱ የሆነችው ሄዘል ዊልያምስ 25 ፓውንድ አበደረችው። የመጀመሪያው የሥራ ቦታም ከአንድ ሆቴል ጀርባ የነበረ የፈረስ ጋጥ ነው። ከዚያ የወጣው «ማርክ 6» የተባለው መኪና ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የተበየደ አጽምና የአሉሚኒየም ልባስ ነበረው። ገዢው ይህን ገዝቶ ሞተሩን፥ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ከፎርድ መኪና አምጥቶ ይገጥም ነበር። እስከ 1955 ድረስ ከዚህ ዓይነት 100 ያህል ተሠርቷል።

ይህ አሻሻጥ ያደገው በሕጉ ምክንያት ነው። የግዢ ቀረጥ የሚከፈለው ተገጥሞ ባለቀ አዲስ መኪና ላይ ነበር፤ ተለያይተው በሚሸጡ ክፍሎች ላይ ግን፥ ገዢው ራሱ የሚገጥማቸው እስከ ሆነ ድረስ፥ አይከፈልም ነበር። በ1955 መጨረሻ የመኪና ቀረጥ ከጅምላው ዋጋ 60 በመቶ ደርሶ ስለ ነበር ልዩነቱ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። በ1957 «ሎተስ ሰቨን» ለሽያጭ ሲቀርብ ተገጥሞ ያለቀው ከነቀረጡ ከ1,000 ፓውንድ ያልፍ ነበር፤ በየክፍሉ የሚገዛው ግን ከ600 ፓውንድ በታች ነበር። ሕጉ ሻጩ የመግጠሚያ መመሪያ እንዳይሰጥ ስለ ከለከለ ሎተስ የመፍቻ መመሪያ ይሰጥ ነበር፥ ገዢውም ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ያነበው ነበር ይባላል። ይህን ባለቤቶቹ እየሳቁ የሚያወሩት ነውና እኛም እንደ ወሬነቱ እንጠቅሰዋለን።

የመኪናውን ሥራ በጥቂቱ መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሎተስ ሰቨን ክብደቱ 500 ኪሎ ያህል፥ ሞተሩም 1,172 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆኖ ጉልበቱ 40 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ይህ ጉልበት ለከባድ መኪና ምንም ያህል አይደለም፤ ለቀላሉ ግን በቂ ነው። የሞተር ጉልበት ቢጨመር ጥቅሙ ጐልቶ የሚታየው በቀጥታው መንገድ ላይ ነው። ክብደት ሲቀነስ ግን መኪናው ፈጥኖ ይነሣል፥ በአጭር ርቀት ይቆማል፥ ጠመዝማዛውንም በቀላሉ ይዞራል፤ ጎማውና ፍሬኑም ቶሎ አያልቁም። የቻፕማን ሥራ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። እጥረትና ጥበብ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። በሩና ምንጣፉ የቀሩት ገንዘብ ለመቈጠብ ቢሆንም፥ መኪናውን ያፈጠነው የእነርሱ መቅረት ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌሎችም ተነሡ። ጂኔታ በ1958፥ አጽሙን ከእንጨት የሠራው ማርኮስ ደግሞ በ1959 ተቋቋሙ። እንዲሁም ከማኅበሩ አባሎች መካከል ኤሪክ ብሮድሊ በ1958 ሎላ የተባለውን የውድድር መኪና ድርጅት መሠረተ። ነገር ግን ንግዱ የቆመበት መሬት ቀስ በቀስ ይሸረሸር ነበር። በ1962 መጨረሻ ላይ መንግሥት የመኪናውን ቀረጥ ከ45 ወደ 25 በመቶ ሲያወርደው፥ ራሱ በመግጠም የሚድነው ገንዘብ በዚያው መጠን ቀነሰ።

፫. ቀረጡ ሲቀር

በ1973 ኤፕሪል ወር የግዢ ቀረጥ ቀርቶ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ። አዲሱ ታክስ በሙሉ መኪናም በተለያየ ክፍልም ላይ የሚከፈል ስለ ነበር የቀድሞው ትርፍ እጅግ ጠበበ። ሎተስም በዚህ ጊዜ ዋጋቸው ከፍ ወዳለ መኪናዎች ፊቱን መልሶ ስለ ነበር፥ ሰቨንን የመሥራት መብት በዚያው ዓመት ኬተርሃም ለተባለው፥ በግሬሃም ኒርን ይመራ ለነበረው ሻጭ ድርጅት አስተላለፈ። ሎተስ የሠራቸው ሰቨኖች በጠቅላላው 2,500 ያህል ነበሩ።

ጉዳዩ የዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ኬተርሃም በመጀመሪያ የሠራው ከ1970 ጀምሮ ይወጣ የነበረውን፥ አካሉ ፋይበርግላስ የሆነውንና ምቾት የተጨመረለትን አራተኛውን ዓይነት ነበር። በ1974 ግን ወደ ሦስተኛው፥ ማለት ባዶና ቀላል ወደ ነበረው የአሉሚኒየሙ ዓይነት ተመለሰ። ገዢው ምቾት የተጨመረበትን ትቶ የተቀነሰበትን መረጠ ማለት ነው። ድርጅቱ በ2021 ወደ ጃፓን ባለቤቶች ሲተላለፍም የመኪናው መልክ ያው የ1957ቱ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው «170» የተባለው ዓይነት 660 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ የሱዙኪ ሞተር ይዞ 440 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ዛሬም መኪናውን በየክፍሉ መግዛት ይቻላል፤ አንድ ሰው በተራ የጋራዥ መሣሪያ ለመግጠም 100 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

፬. ስለ ጉዞው

ይህ መኪና ለረጅም መንገድ የተሠራ አይመስልም። ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። መቀመጫው ለመሬት እጅግ የቀረበ ስለሆነ ተጓዡ የጭነት መኪናውን ጎማ በዐይኑ ትይዩ ያየዋል። የዕቃ ቦታው ጠባብ ነው፤ ጣራው ሸራ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውሃው አንድ ስንጥቅ አያጣም። ማርሚታውም በውጭ በጎን በኩል ስለሚያልፍ ሲወርድ ያልተጠነቀቀውን ሰው እግር ያቃጥላል። ሆኖም ባለቤቶቹ በዓመቱ ሞቃት ወራት በቡድን ሆነው የሚሻገሩት ወደ አልፕስ ተራሮች ነው። ቀድሞ በመርከብ ብቻ ይሻገሩ ነበር፤ ከ1994 ወዲህ ግን ከባሕሩ ሥር በተሠራው ዋሻ መኪናቸውን በባቡር ጭነው ለማለፍ ችለዋል።

ከሚፈለጉት መንገዶች አንዱ በኢጣልያ የሚገኘው የስቴልቪዮ መተላለፊያ ነው። ይህን መንገድ ከ1820 እስከ 1825 ያሠራው የኦስትሪያ መንግሥት ሲሆን ከፍታው 2,757 ሜትር ይደርሳል፤ በአንደኛው ወገን ብቻ 48 የተጠማዘዙ መታጠፊያዎች አሉበት። ትልቅና ከባድ መኪና እዚህ መንገድ ላይ ይቸገራል፤ ትንሹ መኪና ግን የተፈጠረለትን ሥራ ያገኛል።

ለጥያቄያችን ከመንገዱ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የአካሄዳቸው ሥርዓት ነው። መኪናዎቹ የአንድ ቤተ ሰብ ስለሆኑ አንዱ ካንዴላ፥ ሌላው ቺንጊያ፥ ሦስተኛው የቤንዚን መስጫ ሽቦ ቢይዝ ለሁሉም ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው ነው። ከዚህም የሚበልጠው የዕውቀቱ መካፈል ነው። መኪናውን በገዛ እጁ የገጠመ ሰው እያንዳንዱን ቡሎንና ዳዶ የት እንዳጠበቀ ያውቃል፤ መንገድ ላይ የቆመ ጓደኛውን ሲያገኝም ኮፋኖውን ከፍቶ የሚነግረው አለው። ፈጣኑ በመገናኛው ቆሞ ዘገምተኛውን ይጠብቃል፤ ሁሉ ሳይሰበሰብ ማንም አይቀጥልም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የእንስሳት ሐኪሙ በርኬትና ጓደኞቹ ያቋቋሙት የቅብብሎሽ ውድድር መንፈስ በግልጽ ይታያል።

፭. መቃወሚያዎችና ፍርዳችን

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ የድኻ ወጣቶች ብልኀት የነበረው ነገር ዛሬ የባለጸጎች መጫወቻ ሆኗል የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው። የዛሬው አዲስ ኬተርሃም በክፍል ቢገዛም ርካሽ አይደለም፤ በዋጋው አንድ ደኅና ያገለገለ መኪና ይገኛል። ነገር ግን የጥንቱ መንገድ ጨርሶ አልተዘጋም። በ1996 ሮን ቻምፒየን የተባለ ሰው በ250 ፓውንድ የስፖርት መኪና መሥራት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ፥ ከአሮጌ ፎርድ ክፍሎች እያወጡ አጽሙን በራሳቸው የሚበይዱ ሰዎች በብዙ አገር ተነሥተዋል። ይህም የኦስቲን ሰቨኑ ዘመን ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ስለ ደኅንነት ነው። ቀላል መኪና በግጭት ጊዜ ለተሳፋሪው የሚሰጠው መከላከያ ጥቂት ነው፤ ሙያ የሌለው ሰው የገጠመው ሲሆን ደግሞ አደጋው ለሌላውም መንገደኛ ይተርፋል። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1998 ጀምሮ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ መኪና በመንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ በአንድ እንዲመረመር አዘዘ፤ በ2009ም ምርመራውን በሌላ ጥብቅ ደንብ ተካው። ይህ ትእዛዝ ለብዙ አነስተኛ ሠሪዎች ወጪና ድካም ጨምሯል። ሆኖም የሚገባ ትእዛዝ ይመስለናል፤ በገዛ እጅ የመሥራት ነጻነት የሌላውን ሰው ሕይወት አደጋ ላይ እስከ መጣል አይደርስምና።

እንግዲህ ነገሩን ስንሰበስበው፥ ቀረጥና እጥረት ተገጣጣሚውን መኪና አስፋፍተውታል እንጂ ለብቻቸው አላቆዩትም። ያቆየው ሰዎቹ ራሳቸው እየገጠሙትና አብረው እየተጓዙበት ያገኙት ነገር ነው፤ ይኸውም የያዙትን ዕቃ ውስጡን ማወቅና ያወቁትን ለጓደኛ ማካፈል ነው። በዛሬው ዘመን አብዛኛው ሰው የሚነዳውን መኪና ውስጥ አያውቅም፤ ሲበላሽበትም ከመንገድ ዳር ቆሞ ሌላውን ይጠራል። ማሽንን ገንዘብ ከፍሎ መያዝና ማሽንን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሎተስ ሰቨን ገዢ በ1957 ሁለተኛውን የመረጠው ገንዘብ ስላጠረው ነበር። የዛሬው ገዢ ግን የሚያስገድደው ሳይኖር መርጦታል። በአንድ ወቅት ግድ የነበረ ነገር ግዱ ሲቀር በፈቃድ ከተያዘ፥ ከመጀመሪያውም ከግዱ የበለጠ ዋጋ ነበረው ማለት ነው። የቀረጥንና የሕግን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ሕጉ የወጣበትንና የተሻረበትን ቀን መመዝገቡ ብቻ አይበቃውም፤ ሕጉ በሥራ ላይ ሳለ ሰዎች እግረ መንገዳቸውን ምን እንደ ተማሩ መመርመርም ይገባዋል።